ሱቁን አትዝጋው

ይድረስ ለታላቅ ወንድሜ ለአምላኩ፤ ቡለን።

ወንድም ጋሼ፣ እንዴት ከርመሃል? ሰላምታዬ ከደጃፍህ ተነስቶ እስከ ጓዳህ ይግባልኝ። ወገብህ እንዴት ነው፤ ዝናብ ሲያስገመግም የሚነሳብህ ሕመም ዘንድሮ ተወህ ወይ? እማዬስ እንዴት ናት? የዓይን ጠብታዋን በሰዓቱ ታደርጋለች ወይስ እንደ ልማዷ «ለነገ ይቆይልኝ» እያለች ጠርሙሱን መደርደሪያ ላይ አቁማ ታየዋለች? እትዬ ትርሐስስ? ልጃችሁ ሐናስ ትምህርቷ እንዴት ሆነላት? የዳጉሳው ማሳ ታረሰ? ጎረቤቱስ ሁሉ ደህና ነው? እኔ እግዚአብሔር ይመስገን በሕይወት አለሁ፤ እሠራለሁ፣ እበላለሁ። የቀረውን ከታች ታገኘዋለህ። ዛሬ ምንም ሳልደብቅ ልጽፍልህ ቆርጬ ነው የተቀመጥኩት።

ደብዳቤህን ነጋዴው ጎሹ አድርሶኛል። ሰሊጥ ሊያይ መጥቶ፣ የመንገዱን አቧራ ሳያራግፍ በቀጥታ ወደምሠራበት ሱቅ ነው የመጣው። ወረቀቱን ደረት ኪሱ ውስጥ ይዞት ስለነበር በላብ ርሶ ለስልሷል። አንዱን ፊደል ከሌላው ለመለየት ብርሃን ላይ ማንሳት ነበረብኝ። «ጆሮዬ ከድቶኛል። ስፒከር አፉ ላይ ተደፍቼ እንኳ መጮሁን አላውቅም። የአሁኑን ዕቃ ደግሞ ውስጡን አላውቀውም። የጥገና ሱቁን ልዘጋ ነው፤ ነይና ውሰጂው።» ከዚህ ሌላ የጻፍከው የለም። መጀመሪያ ቆሜ አነበብኩት፤ ከዚያ ተቀምጬ ደገምኩት።

ለካ ለዚህ ነበር። ሁለት ዓመት ሙሉ በደወልኩ ቁጥር «ደህና፣ ደህና» ብቻ ትለኝ ነበር። ያን ጊዜ እማዬ ታማለች ሲሉ ሰምቼ «ሐኪም ምን አላት?» ብዬ ስጠይቅህ፣ «ደህና፣ ደህና፣ አንቺስ?» ብለህ ስልኩን ለእትዬ ትርሐስ ሰጠሃት። አሶሳ ቀረች ብለህ ያኮረፍከኝ መስሎኝ ነበር። ስንት ቀን ስልኩን ዘግቼ ምን በድዬው ይሆን እያልኩ ተክዣለሁ መሰለህ። አንተ ግን ድምፄን አልሰማኸውም። እትዬ ትርሐስም አንድ ቀን ሳትነግረኝ መቅረቷ አንተ አደራ ብለሃት እንደሆነ ገብቶኛል። ብትነግረኝ ምን ነበረበት ጋሼ? ይህን የምለው ልወቅስህ አይደለም፤ እኔም የሸሸግኩህ አለና።

በስልክ «ጓደኞች አሉኝ፣ ከተማው ተስማምቶኛል» የምልህ እውነት አይደለም። ለስድስት ወር ልምምድ ብዬ መጥቼ ይኸው አራት ዓመት ሊሞላኝ ነው፤ በዚህ ከተማ ግን ሳላንኳኳ የምገባበት አንድ ቤት የለኝም። ሥራ የሰጠኝ ሞቱማ ደግ ሰው ነው። አገሩ መንዲ ነው። እሱ ሞባይል ይሸጣል፣ እኔ ጥግ ላይ በሰጠኝ ጠረጴዛ እጠግናለሁ። ሲመሽ እሱ ወደ ሚስቱና ወደ ልጆቹ ይሄዳል፣ እኔ ወደ ኪራይ ክፍሌ። የብየዳ ካውያ በእጄ ይዤ እያዩኝ «ሠራተኛው የት ሄደ?» የሚሉኝ ደንበኞች ዛሬም አሉ። «እኔ ነኝ» ስላቸው ዕቃቸውን ወደ ደረታቸው ይስቡታል። የፋሲካ ዕለት ሞቱማ ቤተሰቡን ይዞ ባምባሲ ሄደ። እኔ ግማሽ ኪሎ ሥጋ ገዝቼ ገባሁና ሽንኩርት መክተፍ ጀመርኩ። ከትፌ ስጨርስ ቀና ብዬ ክፍሉን አየሁት፤ አንድ አልጋና አንድ በርጩማ። እሳቱን አጥፍቼ ተኛሁ። ሥጋውን የሠራሁት በማግስቱ ነው።

ስለዚህ ደብዳቤህን ሳነብ የተሰማኝን ልናገር። ደስ አለኝ ጋሼ። አንተ ጆሮዬ ከዳኝ ትለኛለህ፣ እኔ ደስ ይለኛል። እግዚአብሔር ይቅር ይበለኝ፤ ከዚያ ሁሉ ቃል ለእኔ የታየኝ «ነይ» የምትለው ብቻ ነበረች። የዚያኑ ዕለት ወር ሲሞላ እንደምሄድ ለሞቱማ ነገርኩት። «ወንድም ከጠራ ምን ይባላል» አለኝ፤ ጠረጴዛዬ ላይ የተከፈቱትን ዕቃዎች ብቻ ጨርሼ እንድሄድ ለመነኝ። ማታውን ግማሽ ልብሴን አጥፌ ሻንጣ ውስጥ ከተትኩ።

አሁን ደግሞ ከዚያ ወዲህ የሆነውን ልንገርህ፤ ደብዳቤዬ የዘገየው በእሱ ምክንያት ነው።

ጎሹ ከመምጣቱ ሳምንት ቀደም ብሎ ዓዲላ የምትባል የመንጌ ጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛ አንድ ስፒከር አምጥታልኝ ነበር። ጎማና እጀታ ያለው፣ እንደ ሻንጣ የሚጎተት፣ ባትሪው ሆዱ ውስጥ ያለ፣ ማይክም ብሉቱዝም የሚቀበል ዓይነት ነው። አንተ ጋም ሳይመጡ አይቀሩም፤ ሳትከፍት የምትመልሳቸው እነሱን ነው። ዓዲላ የበርታ ልጅ ናት፤ በየገበያው እየጎተተችው የክትባት ቀን የምታስታውቀው በእሱ ነው። በቀስታ ሲናገር ደህና ነው፤ ድምፁ ሲጨመርለት ግን ጠፍቶ እንደገና ይበራል። ባትሪውን ለካሁት፣ አርጅቷል። አዲስ ገጠምኩለት። ሞከርኩት፣ ተናገረ።

የሞከርኩት ግን በቀስታ ነው። ከሱቃችን ቀጥሎ ያለው ቤት ሰው ሞቶባቸው ድንኳን ተጥሎ ለቀስተኛ ተቀምጧል፤ በዚያ መሀል ስፒከር ላስጮህ አልደፈርኩም። ነገ ራቅ አድርጌ ወስጄ በሙሉ ድምፅ እሞክረዋለሁ ብዬ አሰብኩ። በማግስቱ ዓዲላ መኪና አግኝታ እየቸኮለች ስትመጣ ግን «ሆኗል፣ ውሰጂው» አልኳት። አንተ ያስተማርከኝ እንዲህ አልነበረም። ሥራ ያልያዘ ዕቃ ሁሉ ጤነኛ ይመስላል ትለኝ ነበር። እያወቅሁ ነው የሰጠኋት።

ደብዳቤህ በደረሰኝ በሦስተኛው ቀን ዓዲላ ከመንጌ ደወለች። በዚያ ሰሞን በአካባቢው ኩፍኝ ገብቶ ክትባቱ ለማግስቱ፣ ለገበያ ቀን ተይዞ ነበር። ወርቅ የሚያጥቡት ሰዎች ከነልጆቻቸው በየወንዙ ዳር ተበትነው ነው የሚኖሩት፤ አንድ ላይ የሚገኙት በገበያ ቀን ብቻ ነው። ያ ቀን ካለፈ ሕፃናቱን በየጫካው ሄዶ ማግኘት ዘበት ነው። በዋዜማው የቀበሌውን ሽማግሌዎች ሰብስባ ልታስረዳ ማይኩን ስታነሳ፣ ስፒከሩ ሦስት ቃል ተናግሮ ጠፋ። አብርታ እንደገና ጀመረች፣ ጠፋ። ሰዎቹ ሳቁ። ስትነግረኝ አልተቆጣችም፤ ብትቆጣ ይሻለኝ ነበር። «ወንድ ይየው ሲሉኝ እኔ ወደ አንቺ ነው ያመጣሁት» አለችኝ። ነገ በመጀመሪያው መኪና እንደምመጣ ነገርኳት።

ጎህ ሲቀድ ተነሳሁ። የዕቃ ሳጥኔን ጭኔ ላይ አድርጌ፣ ከማዳበሪያ ከረጢትና ከዶሮ ጋር ተጠጋግቼ መንጌ ገባሁ። ዓዲላ ክትባቱን ያዘጋጀችው ወፍጮ ቤቱ በረንዳ ላይ ነበር። እናቶች ከነልጆቻቸው እህላቸውን ይዘው የሚሰለፉት እዚያ ስለሆነ ቦታውን በደንብ አስባበት ነው የመረጠችው። ወፍጮው ግን በናፍጣ የሚሠራ ነው። ሲጮህ መሬቱ ይንቀጠቀጣል። አጥፉልን እንዳንል ሴቶቹ ከሌሊት ጀምረው በእግራቸው የመጡ ናቸው፤ ራቅ እንበል እንዳንል ሰዉ ያለው እዚያው ነው።

ስፒከሩን ጀርባውን ፈትቼ እንደ ልማዳችን ጆሮዬን አስጠጋሁ። ምንም አልሰማሁም። ድምፅ ጨምሬ ደገምኩ፤ የምሰማው ወፍጮውን ብቻ ነው። አንተ «በመጀመሪያ ስሚው፤ ሕመሙን ራሱ ይነግርሻል» እያልክ ያሳደግከኝ ልጅ፣ የማዳምጠው አጣሁ። ካቻቢቴው ከእጄ ወደቀብኝ። አንስቼ ልዝጋውና አልችልም ልበላት ብዬ አስቤም ነበር። ያኔ አጠገቤ ቁና ማሽላ ይዘው የተቀመጡ አንዲት አሮጊት ወደ ጆሮዬ ጎንበስ ብለው ጮክ ብለው ጠየቁኝ፤

«አንተ ልጅ፣ ይሄ ሳጥን ታሟል ወይ?»

«አዎ እማማ፣ ታሟል» አልኳቸው።

«ሐኪሙ አንተ ነህ?»

አዎ ብዬ ራሴን ነቀነቅሁ። አማርኛቸው በወንድ ይጥራኝ እንጂ፣ ሠራተኛው የት አለ ብለው ያልጠየቁኝ ሰው እሳቸው ናቸው። የቮልት መለኪያ ቴስተሬን አወጣሁ።

እንግዲህ ጋሼ፣ የዕቃውን ውስጥ ላሳይህ፤ ከሬዲዮኖችህ የሚለየው ያን ያህል አይደለም። ከባትሪው እንነሳ። የዓዲላ አሥራ ሁለት ቮልት ነው። ቀዩ ሽቦ በፊውዝ አልፎ ወደ ማብሪያው ይሄዳል፤ ከማብሪያው ወዲያ መንገዱ ሁለት ይሆናል። ወፍራሙ በቀጥታ ወደ አምፕሊፋየሩ ይገባል። ቀጭኑ ደግሞ ቮልቱን ወደ አምስት በሚያወርድ ትንሽ ክፍል አልፎ ብሉቱዙን፣ የፍላሽ ማንበቢያውንና መብራቶቹን ይመግባል። ለዚህ ነው መብራቱ እየበራ ድምፅ የማይሰጥ ወይም ድምፁ እያለ ብሉቱዙ የማይገኝ ዕቃ የሚመጣልህ፤ ከሁለቱ መንገዶች አንዱ ብቻ ስለተዘጋ ነው። ድምፁ ራሱ በሌላ በኩል ይመጣል። ከማይኩ በጣም ደካማ ሆኖ ይነሳና በትንሽ ማጉያ ይጠነክራል፣ በድምፅ መጨመሪያው ያልፋል፣ ከዚያ ትልቁ አምፕሊፋየር ይቀበለዋል። አንተ ጋ አራት አምስት ትራንዚስተር ይሠሩት የነበረውን እዚህ አንድ ባለብዙ እግር ቺፕ ይሠራዋል፤ ስለሚግል ከአሉሚኒየም ጋር በብሎን ተያይዞ ታገኘዋለህ። ከእሱ የወጣው ጉልበት ስፒከሩን ይገፋዋል። አለቀ፤ ሌላ ምሥጢር የለውም።

ዓዲላ ማይኩን ይዛ፣ ድምፅዋን ከፍ አድርጋ፣ ሳታቋርጥ በቋንቋዋ እንድትቆጥር ነገርኳት። እየቆጠረች ባትሪው ላይ ለካሁ። አሥራ ሁለት ከምናምን ሆኖ ጸና፤ ባትሪው ደህና ነው። የአምፕሊፋየሩ መግቢያ ላይ ስለካ ግን ድምፅዋ ከፍ ባለ ቁጥር ወደ ሰባት እየወረደ ይጠፋል። እንግዲህ አምስት ቮልት ያህል በመንገድ ላይ የሚበላው አለ። የቴስተሩን ሁለት ጫፎች ከፊውዙ ወዲህና ወዲያ አደረግኩ፤ ምንም የለም። በማብሪያው ሁለት እግሮች ላይ አደረግኳቸው። አምስቱ ቮልት እዚያ ተቀምጧል። የበራ ማብሪያ በሁለት እግሮቹ መካከል ምንም ሊያሳይ አይገባም፤ ይህን አንተው ነህ ያስተማርከኝ። ስፈታው የውስጡ መዳብ ጠቁሮ ተበልቷል። በቀስታ ሲናገር ትንሽ ጉልበት ስለሚያልፍ አይታወቅም፤ ሲጮህ ግን አያሳልፍም።

መለወጫ አልያዝኩም ነበር። ገበያው ዳር ሞተር ሳይክል ከሚጠግን ሰው የመብራት ማብሪያ ለመንኩት፤ ከአሮጌ ሞተር ፈትቶ ሰጠኝ። መብራት ስላልነበረ ካውያ ማሞቅ አልቻልኩም። ሽቦዎቹን በፒንሳ ጠምዝዤ በብሎን አጠበቅኋቸውና በፕላስተር ጠቀለልኩ፤ ፊውዙን በቦታው ተውኩት። ከዚያ ዓዲላ ድምፁን ጨርሳ እንድትከፍተው በእጄ አሳየኋት።

እኔ አሁንም አልሰማሁም። መዳፌን የስፒከሩ ወረቀት ላይ ስጭነው ግን መታኝ፤ አንድ ጊዜ፣ ሁለት ጊዜ፣ ከዚያ ሳያቋርጥ። ቴስተሩ አሥራ ሁለት አካባቢ ቆሟል። ቀና ስል ሰልፉ ላይ ያሉት ሴቶች ሁሉ ፊታቸውን ወደ ዓዲላ አዙረዋል። ከመንገዱ ማዶ ማንጎው ሥር የተቀመጡትም ልጆቻቸውን እያዘሉ መነሳት ጀመሩ። አሮጊቷ ትከሻዬን ያዝ አድርገው «አልሐምዱሊላህ፣ ዳነ» አሉኝ።

እስከ ዘጠኝ ሰዓት ድረስ ሰልፉ አልተቋረጠም። ዓዲላ ድምፅዋ እስኪዘጋ ተናገረች። ሲያልቅ መጥታ ከጎኔ ተቀመጠችና ቤተሰቤ የት እንደሆነ ጠየቀችኝ። ቡለን አልኳት። «ሩቅ ነው» አለች። ሩቅ ነው አልኩ። እሷ ዘንድ እንዳድር፣ ነገ ከእሷ ጋር እንድመለስ ለመነችኝ። ሥራ አለብኝ ብዬ እምቢ አልኩ። ሥራ አልነበረብኝም፤ እምቢ ማለት ስለለመድኩ ነው። መኪናው ገና ከከተማው ሳይወጣ ጸጸተኝ።

መንገድ ላይ ነው ነገሩ የገባኝ። ዕቃውን ከፍቼ እስክዘጋው ድረስ አንድም ድምፅ አልሰማሁም። የፈለግኩትን ያገኘሁት በዓይኔና በእጄ ነው። እኔ ወፍጮው አጠገብ ይህን ከሠራሁ፣ ሠላሳ ዓመት የሠራኸው አንተ ሱቅህ ውስጥ ተቀምጠህ እንዴት ያቅትሃል? ስደርስ ወዲያው ልጽፍልህ ይገባኝ ነበር። ግን ሦስት ቀን ዝም አልኩ። ሁለት ጊዜ ወረቀት አውጥቼ «እየመጣሁ ነው» ብቻ ብዬ ጀምሬ ቀደድኩት። ምክንያቱን ሳልሸፍን ልንገርህ፤ የማውቀውን ከጻፍኩልህ እንደማላስፈልግህ ታየኝ። ይህን ደብዳቤ ባልጽፈው ሱቁ ይዘጋል፣ እኔም ወደ ቤቴ እገባለሁ። እንዲያ ብገባ ግን ጠዋት ጠዋት ጠረጴዛህ ላይ ተቀምጬ፣ አንተ በር ላይ እጅህን አጣጥፈህ ስታየኝ እንዴት ብዬ ዓይንህን አያለሁ? ስለዚህ ጻፍኩት።

አሁን አንብበህ አስቀምጠው። ጎሹ ከደብዳቤው ጋር አንድ ትልልቅ ቁጥር የሚያሳይ ቴስተርና ሽቦ የተበየደለት የመኪና አምፖል ይዞልሃል። ባትሪ ሲመጣልህ ብቻውን አትለካው፤ አምፖሉን አብራበትና እየበራ ለካው። ቮልቱ ቶሎ ከወረደ ባትሪው አርጅቷል። ካልወረደ እኔ እንዳደረግኩት ከባትሪው ወደ አምፕሊፋየሩ ደረጃ በደረጃ ሂድ። የቴስተሩ ጥቁር ጫፍ ባትሪው ኔጋቲቭ ላይ ይቆይ፣ ቀዩ ይጓዝ። አምስት ቮልቱንም እግረ መንገድህን እየው።

ድምፁን ለመከተል ደግሞ ስልክህ ላይ አንድ ወጥ ድምፅ የሚያወጣ መተግበሪያ ሐና ትጫንልህ፣ ስልኩንም በብሉቱዝ ከዕቃው ጋር ታገናኝልህ፤ ወፈር ያለውን ድምፅ ምረጥ፣ መቶ ሄርትዝ ገደማ። ቴስተሩን ወደ ኤሲ አዙረህ፣ ከቀዩ ጫፍ ጋር ትንሽ ካፓሲተር አያይዘህ፣ ከድምፅ መጨመሪያው ጀምር። እዚያ በጣም ትንሽ ቁጥር ታያለህ፤ መጨመሪያውን ስታዞረው ቁጥሩም አብሮ መውጣትና መውረድ አለበት። አምፕሊፋየሩ መግቢያ ላይ እንዲሁ። መውጫው ላይ ቁጥሩ ብዙ እጥፍ ያድጋል። ገብቶ ካልወጣ ቺፑ ላይ ነህ፤ እሱንም ከመንቀልህ በፊት ቮልት የሚደርሰው መሆኑንና ሚውት የሚባለው፣ ድምፁን ዝም የሚያሰኘው እግር እንዳልያዘው እይ። ሁሉም ደህና ሆኖ ስፒከሩ ካልተንቀሳቀሰ ሽቦውን ነቅለህ ኦሙን ለካ፤ አራት የተጻፈበት ከአራት ትንሽ ያነሰ ማሳየት አለበት። ምንም ካላሳየ የውስጡ ጥቅል ተበጥሷል። በመጨረሻ መዳፍህን ወረቀቱ ላይ አድርግ፤ ከጆሮ ባልተናነሰ ይነግርሃል። መቆራረጡንም፣ መፋተጉንም ጣት ያውቀዋል።

ሦስት ነገር አደራ። በድሮው ሬዲዮ ልማድ ከስፒከሩ ሽቦ አንዱን ከኔጋቲቩ ጋር እንዳታገናኝ። የብዙዎቹ አዳዲስ ቺፖች ሁለቱም መውጫዎች ቮልት አላቸው፤ በአሥራ ሁለት ቮልት ባትሪ እያንዳንዱ ስድስት ገደማ ያሳያል፤ አትደንግጥ። ድምፅ ሳይኖር በሁለቱ መካከል ግን ዜሮ መሆን አለበት። ዜሮ ካልሆነ ስፒከሩን ቶሎ ንቀለው፣ ይቃጠልብሃል። ሁለተኛ፣ ያበጠ ሊቲየም ባትሪ ካየህ አትበሳው፣ አትበይደው፤ ከቤት አውጣው። ሦስተኛ፣ ከሶኬት የሚመጣው ኃይል የሚገባበትን ሰሌዳ ተሰክቶ እያለ አትንካው፤ ከተነቀለም በኋላ ትልቁ ካፓሲተር ይዞ ይቆያልና ጊዜ ስጠው። ሲንጣጣ ስለማትሰማው ከድሮው የበለጠ ተጠንቀቅ።

ሱቁን አትዝጋው ጋሼ። ዕቃ የሚያመጣልህ ሰው ምን እንደሆነበት በጽሑፍ ይንገርህ፤ ወይም እትዬ ትርሐስ ፊት ለፊትህ ቆማ ትንገርህ። የሚያፍር ካለ ይፈር፣ አንተ አትፈር። ሁለት ዓመት ደብቀኸው ምን አተረፍክ? ሁለታችንም ብቻችንን ነው የከረምነው።

ሻንጣዬ ግማሽ እንደሞላ አልጋዬ ሥር ነው። ለሞቱማ መልስህ እስኪመጣ ይታገሠኝ ብዬዋለሁ፤ ሚስቱ እንድቀር ጸሎት ጀምራለች ብሎ ነገረኝ። ዓዲላም ትናንት ማብሪያውን ላስበይድ ብላ መጥታ ነበር። ከበየድኩት በኋላ እንደ ቸኮለ ሰው አልሄደችም፤ በርጩማ ስባ እስክዘጋ ድረስ ተቀመጠች።

እኔ የምፈልገውን አሁን ታውቀዋለህ። ሱቁ ያለ እኔ ይሠራል፤ እንዲሠራ አድርጌ ጽፌልሃለሁ። ከዚህ በኋላ ነይ ካልከኝ ለሱቁ ብለህ አይሁን። ናፍቀሽኛል በለኝና እመጣለሁ። ካላልከኝም አልቀየምህም፤ ግን ስልክ ይዘህ «ደህና፣ ደህና» አትበለኝ፤ ጻፍልኝ።

እማዬን ጉልበቷን ሳምልኝ፤ ጠብታውን ካላደረገች መጥቼ ራሴ እንደማንጠባጥብላት ንገራት፣ ትፈራለች። እትዬ ትርሐስን ስላንተ የተሸከመችውን ሁሉ እግዚአብሔር ይቁጠርላት በላት፤ ተቀይሜ እንዳልሆነም ታውቅ። ሐናን ግንባሯን ሳምልኝ። አባትሽን ስታናግሪው አትጩሂበት፤ ፊት ለፊቱ ሆነሽ ቀስ ብለሽ ተናገሪ፣ አፍሽን ያያል በላት። ለጎረቤቱ ሁሉ፣ አለች ወይ ብሎ ለሚጠይቅህም ለማይጠይቅህም፣ አለች በልልኝ።

እህትህ የዝናሽ

አሶሳ፣ ግንቦት 9 ቀን 2017 ዓ.ም.